«ሰደበኝ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው? ስለ ኢንሰልት፣ አቢዩዝ፣ ስላንደርና ላይብል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማሩ፣ ማመልከቻ የሚጽፉና ሰነድ የሚተረጉሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

«ስድብ» ለማለት ኢንሰልት ብቻ አይበቃም?

ለዕለት ተዕለት ወሬ ይበቃል። ኢንሰልት ሰውን ዝቅ የሚያደርግ ቃል ወይም ድርጊት ነው። «ደደብ»፣ «ባለጌ»፣ «የማትረባ» ሁሉም እዚህ ይገባሉ። ቃል መሆኑም ግድ አይደለም፤ ሰላም ልበል ብሎ እጁን የዘረጋን ሰው አይቶ እንዳላየ ማለፍም ኢንሰልት ይባላል። ሲነበብ ስም ከሆነ ድምፁ የሚጠነክረው «ኢን» ላይ ነው፤ ግስ ከሆነ «ሰልት» ላይ።

ችግሩ የኛው «ስድብ» ሰፊ መሆኑ ላይ ነው። ሰው ፊት ለፊት መዝለፍም፣ ብሔር ጠርቶ ማንቋሸሽም፣ በፈጣሪ ላይ ክፉ መናገርም በአማርኛ «መስደብ» ነው። እንግሊዝኛው ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል አለው። ለመምረጥ ሦስት ነገር ማየት ያስፈልጋል፦ የተባለው ነገር እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ተብሎ ሊጣራ የሚችል ነው ወይስ ዝም ብሎ ዘለፋ? የተነገረው ለራሱ ለባለቤቱ ነው ወይስ ለሌላ ሰው? አንዴ ያመለጠ ቃል ነው ወይስ የተለመደ ነገር? «አንተ ሌባ!» ብሎ ሰው ላይ መጮህና «ባለፈው ወር ከካዝናው 20,000 ብር ወስዷል» ብሎ ለአለቃው ሹክ ማለት በእንግሊዝኛ አንድ ቤት አያድሩም። የመጀመሪያው ኢንሰልት ነው። ሁለተኛው ሐሰት ከሆነ ስላንደር ነው፤ እውነት ከሆነ ደግሞ ጥቆማ ነው እንጂ ከሁለቱም አይደለም።

ኢንሰልት እና ኦፌንድ አንድ አይደሉም?

ኢንሰልት የተናጋሪው ሥራ ነው፤ ኦፌንድ የሰሚው ስሜት ነው። ማንም ሳይሰድበው ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ድሬ ላይ ታላቅንም እንግዳንም «አንተ» ማለት የተለመደ ነው፤ የቅርበት ምልክት እንጂ ንቀት የለበትም። ለአገሩ አዲስ የሆነ ሽማግሌ ግን «እርስዎ» ሲጠብቅ «አንተ፣ ና እዚህ ተቀመጥ» ሲባል ሊከፋው ይችላል። ይህ ሰው ኦፌንድ ሆኗል፤ ማንም ግን ኢንሰልት አላደረገውም። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ሂ ዋዝ ኦፌንደድ» ይባላል።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚሠራው ስህተት «ዶንት ኦፌንስ ሚ» ማለት ነው። ኦፌንስ ስም ነው፤ ግሱ ኦፌንድ ነው። በሕግ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ኦፌንስ ማለት ጥፋት ወይም ወንጀል ስለሆነ፣ «ትራፊክ ኦፌንስ» የሚል ያየ ሰው ትራፊክ ፖሊሱ የተሰደበ እንዳይመስለው።

ወላሂ ማለትም መሳደብም «ስዌር» የሚባሉት እንዴት ነው?

የስዌር መነሻው መማል ነው። «አይ ስዌር» ማለት የኛው «ወላሂ» ወይም «እናቴ ትሙት» ነው። በቅዱስ ነገር በከንቱ መማል እንደ ብልግና ይቆጠር ስለነበር ቃሉ ቀስ በቀስ ጸያፍ ቃል ማውጣትንም ያዘ። አሁን ሁለቱን የሚለየው ከኋላው የሚመጣው ቃል ነው። «አት» ከተከተለው ስድብ ነው፤ «ሂ ስዎር አት ሚ» ማለት ሰደበኝ ነው። «ዛት» ወይም «ቱ» ከተከተለው መሐላ ነው። «ኢን» ከተከተለው ባለሥልጣንን ወይም ምስክርን ቃለ መሐላ ማስገባት ነው። ስዌር ለማድረግ የሚሰደብ ሰው አያስፈልግም፤ ምስማር ሲመታ ጣቱን የቀጠቀጠ አናጢ ብቻውን ሆኖ የሚያወጣው ቃልም ስዌሪንግ ነው።

ከርስም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። አንዱ እርግማን ነው፤ በኦሮምኛ አባርሳ፣ በሶማልኛ ሀባር የምንለው። ሌላው ጸያፍ ቃል ነው፤ በተለይ አሜሪካኖች በስዌር ፋንታ ይጠቀሙበታል። እዚህም «አት» የምትለዋ ትንሽ ቃል ናት ወሳኟ። «ሺ ከርስድ አት ሚ» ሰደበችኝ ነው፤ «ሺ ከርስድ ሚ» ግን ረገመችኝ። ጎረቤት ተሳድባ ማመልከቻው ላይ «አት» ከቀረች አንባቢው የሚያስበው ዘር ማንዘር የሚቆጥር እርግማን ነው።

ፕሮፋኒቲ፣ ኦብሲን፣ ብላስፈሚ የሚሉትስ?

ፕሮፋኒቲ ጸያፍ ቃላትን ሁሉ የሚጠራ ጥቅል ስም ነው፤ ፊልም ላይ «ፕሮፋኒቲ አለበት» ሲባል ማስጠንቀቂያው ይሄ ነው። ኦብሲን ከወሲብ ጋር የተያያዘ፣ ለአደባባይ የማይሆን ነገር ነው፤ ሥዕልም ምልክትም ሊሆን ይችላል።

ብላስፈሚ በፈጣሪ ወይም በተቀደሰ ነገር ላይ የሚነገር ብቻ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህንንም «ስድብ» ስለሚለው «ሂ ብላስፊምድ ሚ» ብለው የሚጽፉ ተማሪዎች አይጠፉም። ሰው ራሱን አምላክ ካላደረገ በቀር ይህ ዓረፍተ ነገር አይሠራም። እንግሊዝና ዌልስ ብላስፈሚን የሚቀጣውን የድሮ ሕጋቸውን እ.ኤ.አ. በ2008 ሰርዘውታል።

ማመልከቻ ላይ «ሱፐርቫይዘሬ አቢዩዝ አደረገኝ» ብዬ ብጽፍ ምን ችግር አለው?

ብዙ ችግር አለው፤ ከሁሉም ቃላት ከባድ መዘዝ የሚያመጣው ይሄ ነው። አቢዩዝ ብቻውን ሲቀመጥ የእንግሊዝኛ አንባቢ መጀመሪያ የሚያስበው ድብደባን ወይም ጾታዊ ጥቃትን ነው። በውጭ ባለሀብት የሚመራ ፋብሪካ ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ «ማይ ሱፐርቫይዘር አቢዩዝድ ሚ» የሚል ደብዳቤ ኤች አር ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ የሚከፈተው የምርመራ ዓይነት ለስድብ ከሚከፈተው ይለያል። አጣሪዎቹ መጥተው «እንዴት ነካህ? የት?» ሲሉ አመልካቹ «ኧረ አልነካኝም፣ ሰድቦኝ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ እውነተኛው የስድብ አቤቱታውም «አጋኗል» ተብሎ ይቀላል።

ነገሩ የንግግር ከሆነ «ቨርባል አቢዩስ» ወይም «ቨርባሊ አቢዩሲቭ» ማለት ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን አንዴ ለወጣ ቃል አይሆንም፤ ቨርባል አቢዩስ የሚደጋገም፣ ሰውን ለመስበር የሚውል ንግግር ነው። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ «ሂ ኢንሰልትድ ሚ» ይብቃ። ስሙና ግሱ በአጻጻፍ አንድ ሲሆኑ በድምፅ ይለያሉ፦ ስሙ በ«ስ» ያልቃል፣ ግሱ በ«ዝ»።

ጥሩ ማመልከቻ ደግሞ የጥፋቱን ስም ከመፈለጉ በፊት የሆነውን ይጽፋል። ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል እንዳለ በአማርኛው ወይም በኦሮምኛው፣ ከጎኑ ትርጉሙ፣ የሰሙት ሰዎች፣ ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ። «ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ መስመር ሦስት ላይ፣ አራት ሠራተኞች ባሉበት፣ ‹አህያ፣ ጭንቅላት የለህም› አለኝ፤ በዚህ ወር ሦስተኛው ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር «አቢዩዝ»ን አሥር ጊዜ ከመደጋገም ይበልጣል። ሰዓቱን ስትተረጉሙ ጠዋት ሁለት ሰዓት በእንግሊዝኛው ስምንት ሰዓት መሆኑን አትርሱ። ስድቡን በትክክል ተርጉሞ ሰዓቱን «ቱ» ብሎ የጻፈ ማመልከቻ ከፈረቃ መዝገቡ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

ሃራስመንትም፣ ማለትም ሰውን ማዋከብ፣ ብዙውን ጊዜ ድግግሞሽ ይፈልጋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ1997ቱ የሃራስመንት ሕግ አንድን ሰው የሚመለከት ድርጊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ መፈጸም እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ቀኖቹን መቁጠር ለወግ አይደለም።

ሐሜት ጎሲፕ ነው ወይስ ባክባይቲንግ?

ጎሲፕ ቀለል ያለ ነው። «እከሌ ሊያገባ ነው አሉ» ማለትም ጎሲፕ ነው፤ ክፋት የግድ የለበትም። ሩመር ምንጩ የማይታወቅ ወሬ፣ የኛው አሉባልታ ነው፤ ስለ ሰው ላይሆንም ይችላል። ነገ ስኳር ሊጠፋ ነው የሚለው ሩመር ነው እንጂ ጎሲፕ አይደለም። ባክባይቲንግ ግን ሰውየው በሌለበት በክፉ ማንሳት ነው፤ «ሐሜት»ን ከነኃጢአቱ የሚይዘው እሱ ነው። በተራ ወሬ ላይ ብዙ አይሰማም፤ የሃይማኖት ትርጉሞች ውስጥ ግን ሞልቷል።

ድሬና ሐረር ላይ ጊባን የማያውቅ ስለሌለ ልዩነቱን በዚያ መያዝ ይቀላል። በታወቀው ሐዲስ ጊባ ማለት ወንድምህን በሚጠላው ነገር ማንሳት ነው፤ ያልከው ነገር እሱ ላይ ካለ ጊባ ነው፣ ከሌለ ግን ቡህታን ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ጊባ ባክባይቲንግ፣ ቡህታን ስላንደር ይሆናል። እውነት ሆኖ ባክባይቲንግ የሆነ ነገር ሞልቷል፤ እውነት ሆኖ ስላንደር የሆነ ነገር ግን የለም። ይህን ድንበር የያዘ ተማሪ ከታች ያለው የሕግ ክፍል አይከብደውም።

በርጫ ላይ የምንተራረበውስ ኢንሰልት ነው?

ተረብ ለብቻው ቃል አለው፤ ባንተር። ባንተር የሁለት ወገን ነው፦ እኔ እተርብሃለሁ፣ አንተም ትመልሳለህ፣ ሁለታችንም እንስቃለን። አይቆጠርም፤ «ኤ ባንተር» አይባልም። አንዱ ብቻ ሲናገርና ሌላው ሲሳቅበት ነገሩ ቲዝ ይሆናል። ቲዝ ከቅርብ ሰው ከሆነ ጨዋታ ነው፤ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ልጅ አንዱ ላይ ሲያደርገው ግን ያቆስላል። ሞክ ማላገጥ ነው፤ አነጋገሩን፣ አካሄዱን እየቀዱ መሳለቅ ይጨመርበታል። ቶንት ተንኮሳ ነው፤ ሰውየው ተናዶ አንድ ነገር እንዲያደርግ ታስቦ የሚወረወር። ከጨዋታ በኋላ የተሸነፈው ቡድን ደጋፊ ጋ ሄዶ ውጤቱን በጣት እያሳዩ መጨፈር ቶንት ነው።

ቅጽል ስም ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሰፈር ውስጥ በቁመቱ፣ በጥርሱ ወይም በአካሄዱ ስም የወጣለት ሰው በዚያው ስም እየተጠራ ያረጃል፤ እሱም «አቤት» ይላል። ይህ ኒክኔም ነው። ኔምኮሊንግ ግን ቅጽል ስም ማውጣት አይደለም፤ «ደንቆሮ፣ ፈሪ» እያሉ መለጠፍ ነው። ሁለቱን የሚቀያይሩ ብዙ ናቸው፤ ሲቪ ላይ በኒክኔም ፋንታ ኔምኮሊንግ ብሎ የሰፈር ስሙን መጻፍ ቀጣሪውን ግራ ያጋባል።

ስለር ከተራ ስድብ በምን ይለያል? ሄት ስፒች ጋስ?

ኢንሰልት አንድን ሰው ይመታል። ስለር ግን ቃሉ ራሱ የአንድን ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ጾታ ወይም አካል ጉዳተኛ ወገን በሙሉ የሚያዋርድ ነው፤ የተወረወረው አንድ ሰው ላይ ቢሆንም የሚመታው ዘመዶቹንም ጎረቤቶቹንም ነው። አምስት ስድስት ቋንቋ በአንድ መንደር በሚነገርበት ከተማ ይህን ልዩነት ማብራራት ብዙም አያደክምም። በሪፖርት ላይ ቃሉን ሳይደግሙ «ኤን ኢትኒክ ስለር» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ የምስክርነት ቃልና የክስ ማመልከቻ ላይ ግን ቃሉ እንዳለ መስፈር አለበት። (ስለር ሌላም ትርጉም አለው፤ የሰከረ ወይም የታመመ ሰው ምላስ ሲተሳሰር «ሂዝ ስፒች ዋዝ ስለርድ» ይባላል። የሐኪም ወረቀት ላይ ካያችሁት ታማሚው አልተሳደበም።)

ሄት ስፒች የጥላቻ ንግግር ነው፤ ከስድብነት አልፎ ሰው በማንነቱ እንዲጠላ፣ እንዲገለል ወይም እንዲጠቃ የሚያነሳሳ። እኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይገዛዋል። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፤ ንግግሩን ተከትሎ ጥቃት ከደረሰ እስራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይሆናል። ጎረቤትን «ስግብግብ» ማለት በዚህ አዋጅ አይታይም፤ «እነሱ እኮ ሁሉም ስግብግብ ናቸው፣ ከዚህ ይነቀሉ» ማለት ግን ወደዚያ ይሄዳል።

ስላንደር፣ ላይብል፣ ዲፋሜሽን፦ የትኛው የቱ ነው?

ዲፋሜሽን ጥቅሉ ነው፤ ስም ማጥፋት። በእንግሊዝ ሕግ እሱ ለሁለት ይከፈላል። አላፊ በሆነ መንገድ፣ በአፍ ወይም በምልክት የተደረገው ስላንደር ነው፤ በሚቀመጥ መልክ የተደረገው ላይብል ነው። ለማስታወስ፣ ላይብል የላይብረሪ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም መጽሐፍ ከሚል የላቲን ቃል ይወለዳሉ። ከሌብልና «ተጠያቂ» ከሚለው ላያብል ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚሄደው በእነዚህ ሦስቱ ነው። ስላንደርንም ቀጭን ከሚለው ስሌንደር መለየት ነው።

«ላይብል የጽሑፍ ነው» የሚለው አባባል ለጀማሪ ይበቃል እንጂ ሙሉ አይደለም። መለኪያው መቀመጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 አልፍሬድ ሞንሰን የተባለ ሰው የለንደኑን የማዳም ቱሶ የሰም ምስል ቤት ከሰሰ። በነፍስ ግድያ ተከሶ የስኮትላንድ ፍርድ ቤት «አልተረጋገጠም» ብሎት ነበር፤ ምስል ቤቱ ግን የእሱን ምስል ወንጀለኞች ከተሰበሰቡበት ክፍል አጠገብ አቆመው። ፍርድ ቤቱ አንዲት ፊደል ያልተጻፈበት የሰም ምስልም ላይብል ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ። በሕግ ተለይቶ ስለተደነገገ ሬድዮና ቴሌቪዥን ላይ የተነገረም፣ መድረክ ላይ በቲያትር የተባለም እዚያ አገር ላይብል ነው፤ በአፍ ቢነገርም።

መከፋፈሉ ያስፈለገው ለማስረጃ ነው። ላይብል የተደረገበት ሰው በገንዘብ የደረሰበትን ኪሳራ ማሳየት አይጠበቅበትም ነበር፤ ስላንደር የተደረገበት ግን፣ «ወንጀለኛ ነው» ወይም «ሙያውን አያውቅም» ከመሳሰሉት ጥቂቶች በቀር፣ ኪሳራውን ማስረዳት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2013ቱ የዲፋሜሽን ሕግ ወዲህ ደግሞ በሁለቱም ላይ በስሙ ላይ ከባድ ጉዳት መድረሱ ወይም ሊደርስ መቻሉ መታየት አለበት። መክሰሻው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው። አውስትራሊያ ግን ክፍፍሉን ጥላዋለች፤ እዚያ ዲፋሜሽን ማለት ይበቃል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው፣ በእንግሊዝ እነዚህ ሁሉ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች መሆናቸው ነው። ላይብልን ወንጀል ያደርግ የነበረው ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት በጸናው ሕግ ቀርቷል። «በስላንደር ታሰረ» ብሎ ለለንደን አንባቢ መጻፍ «በውል ማፍረስ ታሰረ» እንደማለት ነው።

የፌስቡክ ኮሜንትስ? የቴሌግራም ቮይስስ?

የተጻፈ ፖስትና የተጫነ ቪዲዮ ሳያከራክር ላይብል ነው። ቮይስ ሜሴጅ የአፍ ንግግር ቢሆንም ተቀድቶ ስለሚቀመጥና ስለሚላክ ወደ ላይብል ያደላል። ለኮሜንት ልውውጥ ግን ሌላ አስተያየትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንድ የለንደን ክስ ላይ ዳኛ ኢዲ በኢንተርኔት መወያያ ላይ የሚወራወሩት ነገር በችኮላ የሚጻፍ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ እንደሚደረግ ወሬ ያለ ስለሆነ ከላይብል ይልቅ ስላንደርን ይመስላል ብለዋል። እኛ የምንመክረው፣ ጠበቃ ካልሆናችሁ በቀር «ዲፋማቶሪ» የሚለውን ቅጽል ተጠቀሙ፤ ሁለቱንም ይይዛል፣ አያሳስትም።

ስክሪንሹት ስታነሱ የተናጋሪው ስም፣ ቀኑና አድራሻው አብሮ ይታይ። ኮሜንቱን ብቻ ቆርጦ ማንሳት ማን እንዳለው እንዳይታወቅ ያደርጋል፤ ቀኑ ከሌለ ደግሞ የክስ ጊዜው ማለፍ አለማለፉን ማወቅ አይቻልም።

የተባለው እውነት ከሆነስ?

ከባዱ ነጥብ ይሄ ነው፤ መዝገበ ቃላት ብቻ ይዞ የሚተረጉም ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው። በእንግሊዝኛው ዓለም ስላንደርም ላይብልም ሐሰት መሆን አለባቸው። ተናጋሪው የተናገረው በመሠረቱ እውነት መሆኑን ካስረዳ ክሱ ያበቃል፤ በክፋት ቢናገረውም እንኳ። አሜሪካ ደግሞ ትጨምራለች፦ እ.ኤ.አ. በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሱሊቫን ጉዳይ የሕዝብ ባለሥልጣን ለማሸነፍ ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ለእውነቱ ደንታ ሳይኖረው መናገሩን ማስረዳት እንዳለበት ወስኗል።

የኛ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በሌላ መንገድ ይሄዳል። አንቀጽ 613 ንዑስ አንቀጽ 1 የሰውን ክብር ለመንካት አስቦ አንድን ድርጊት ወይም ጠባይ ለሦስተኛ ወገን የተናገረን ሰው፣ የተባለው እውነት ቢሆንም እንኳ ይቀጣል። ሐሰት መሆኑን እያወቀ ከተናገረው ደግሞ ንዑስ አንቀጽ 2 ቅጣቱን ያከብደዋል። ባዶ ዘለፋ፣ ማለትም ምንም ድርጊት ሳይጠቀስ ማዋረድ፣ በአንቀጽ 615 ለብቻው ይታያል። ስለዚህ የኛ ሕግ የሚከፋፍለው በአፍና በጽሑፍ አይደለም፤ ድርጊት ተጠቅሷል ወይስ አልተጠቀሰም፣ ውሸት መሆኑ ታውቋል ወይስ አልታወቀም በሚል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2044ም በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ብሎ ሁሉንም በአንድ ያስራል። በመገናኛ ብዙኃን ስለሚፈጸም ስም ማጥፋት አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነገሩን ከወንጀል አውጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር ወስዶታል።

ስም ሳይጠራ፣ በአሽሙር የተባለስ?

በተራ እንግሊዝኛ አሽሙር ኢንዩኤንዶ ነው። ሳርካዝም ደግሞ ተገላቢጦሹን ተናግሮ መውጋት ነው፤ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ የመጣን «ምነው ቸኮልክ?» እንደማለት። ኢንዩኤንዶ በሕጉም ውስጥ ቦታ አለው፦ ላይ ላዩን ንጹሕ የሆነ፣ ነገር ግን ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች ስድቡን የሚያገኙበት ንግግር። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1931 ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የዳኘው ጉዳይ አለ። ቶሊ የተባለ ጎልፍ ተጫዋች ሳይፈቅድ አንድ የቸኮሌት ፋብሪካ ከኪሱ ቸኮሌት ብቅ ያለ ምስሉን ማስታወቂያ ላይ አወጣው። ምስሉ ስድብ የለበትም። ሰውየው ግን ያለ ክፍያ የሚጫወት አማተር ነበር፤ ያንን የሚያውቁ ሰዎች ማስታወቂያውን ሲያዩ ስሙን ለገንዘብ ሸጠ ብለው ያስባሉ። ላይብል ነው ተባለ። ስለዚህ «ስሙን አልጠራሁም»፣ «ስድብ አልተናገርኩም» የሚለው መከላከያ በእንግሊዝም ብዙ አያስኬድም። ከሳሹ ማሳየት ያለበት እነማን እንዳነበቡትና ከማንበባቸው በፊት ምን ያውቁ እንደነበር ነው።

የፍርድ ቤት ወይም የፖሊስ ሰነድ ስተረጉም የትኛውን ቃል ላድርግ?

ስላንደርንና ላይብልን ተዉአቸው፤ የሌላ አገር ሕግ ይዘው ይመጣሉ። የወንጀል ሕጉ የራሱ የእንግሊዝኛ ቅጂ አለው፤ አንቀጽ 613 ንዑስ አንቀጽ 1ን ዲፋሜሽን፣ ንዑስ አንቀጽ 2ን ካለምኒ ይለዋል፤ 615ን ኢንሰልቲንግ ቢሄቪየር ብሎ ይጀምራል። እነዚያኑ ከነአንቀጽ ቁጥራቸው ማስቀመጥ ነው። ካለምኒ በተራ ንግግር ያረጀ ቃል ቢሆንም እዚህ ትክክሉ እሱ ነው። የድሬዳዋ መዝገብ በአማርኛ ይመጣል፤ ከሐረር የሚመጣው በኦሮምኛም ሊሆን ስለሚችል «መቃ በሌሱ» የሚለውን በቀጥታ ወደ ዲፋሜሽን፣ «አረብሶ»ን ወደ ኢንሰልት መመለስ ይሻላል። መጀመሪያ ወደ አማርኛ ከዞረ ሁለቱም «ስድብ» ሆነው ይመጡና ልዩነቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

የስድቡ ቃል ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። «ውሻ»ን ዶግ ብሎ ብቻ የተረጎመ ሰው ለለንደን ወይም ለቶሮንቶ አንባቢ ምንም አልነገረውም፤ እዚያ ውሻ የቤት ልጅ ነው፣ ቃሉም በጓደኛሞች መካከል እንደ ቀልድ ሊያልፍ ይችላል። እዚህ፣ በተለይ በሙስሊም ቤተሰብ መካከል፣ ውሻ ብሎ መጥራት ሰውን ከነርኩስ መቁጠር ስለሆነ ደም ሊያቃባ ይችላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቃሉ እንዳለ በድምፁ ይጻፍ፤ ቀጥሎ ቀጥተኛ ፍቺው በጥቅስ ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ በግርጌ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቃሉ በአካባቢው ምን ያህል እንደሚከብድ ይገለጽ። «አህያ»፣ «ባሪያ»፣ «የእናትህን» የሚል ጅምር ስድብ ሁሉ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ይፈልጋሉ። ሳያልቅ የተቆረጠ ስድብ ከሆነም በትርጉሙ ላይ ተቆርጦ ይቅር፤ የቀረውን ተርጓሚው ከራሱ ቢሞላው ተናጋሪው ያላለውን አሰኘው ማለት ነው።